የጉድጓዱ ባለቤት

«ጫማውን ይተዉት ቲቸር! ነፍስ ይበልጣል!»

ሰቢሪና ይህን ያለችው ሳትቆም ነው። መምህር ጉሉማ ግን በአንድ እግሩ እየነጠረ፣ ጭቃው የዋጠበትን ሸራ ጫማ ሊያወጣ ጎንበስ አለ። ሰውየው ሁሌም እንዲህ ነው። ጥይት ቢከተለው እንኳ መጀመሪያ ጥይቱ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ ሳያሰላ አይሮጥም።

«አንድ ጫማ ሜዳ ላይ ከተገኘ፣ በየት በኩል እንደሄድን ይነግራቸዋል» አላት ጫማውን በእጁ ይዞ ሲደርስባት።

«ዱካችንስ? እሱንም በኪስዎ ሊይዙት ነው?»

በቆሎው መሃል ገቡ።

ሰኔ ነው፤ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት። ደርግ ከሄደ ዓመት አልፎታል፣ ጠመንጃው ግን አብሮት አልሄደም። «ጓድ» ማለት ነውር ሆኖ፣ በምትኩ ምን እንደሚባል ገና ስላልተወሰነ፣ ሰው የታጠቀ ባየ ቁጥር «ጌታዬ» ይበል «ወንድሜ» ይበል ግራ ይገባው ነበር። ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠዋት የሚያስቆምህና ማታ የሚያስቆምህ ሰው አይተዋወቁም። ከነዚህ አንዱ ሃምሳ አለቃ ዱጉማ ነው። የነበረበት ጦር ፈርሷል፣ ማዕረጉ ግን አልፈረሰም። ክላሹንና ጥቂት ሰዎች ይዞ «አካባቢ እጠብቃለሁ» ይላል። ከማን እንደሚጠብቅ ደፍሮ የጠየቀው የለም። ባለፈው ወር «ወሬ አቀባይ» ብሎ የወሰደው የወፍጮ ቤት ሰውዬ እስካሁን አልተመለሰም።

አሁን ደግሞ የሚፈልገው መምህር ጉሉማን ነው። ምክንያቱ አንድ ሽቦ ነው።

ነገሩ የጀመረው ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ በሳይንስ ሰዓት ነው። መምህሩ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ሲያስተምር ሰቢሪና እጇን አወጣች። እጇን ስታወጣ ክፍሉ በሙሉ አቀማመጡን ያስተካክላል፣ ትርዒት እንደሚጀመር ያውቃላ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ሞገዱን አይተውት ያውቃሉ?»

«አላየሁትም።»

«ያስተማረዎት ሰውዬስ?»

«እሱም አላየውም።»

«መጽሐፉን የጻፈውስ?»

«ማንም አላየውም ሰቢሪና።»

«እንግዲያው ይሄ ሳይንስ ሳይሆን ሐሜት ነው።»

ክፍሉ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ጂራ? ጂራ ሞ ሂን ጂሩ?» ብሎ ጮኸ። አለ ወይስ የለም፣ ቁርጡን ንገረን ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ በግቢው ውስጥ መምህሩ ባለፈ ቁጥር ልጆቹ «ጂራ!» ይሉ ጀመር።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን በጆሮዋ ይዞ ያስወጣት ነበር። ጉሉማ ግን አልተቆጣም፣ ችግሩም ይሄው ነው። በማግስቱ ከተቃጠለ ሞተር የፈታውን የመዳብ ሽቦ ይዞ መጣና፣ እሷኑ ባህር ዛፍ ላይ አስወጥቶ አሳሰራት። ባለ ሦስት ድንጋዩ የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ሲንሿሿ ነበር። የሽቦውን ጫፍ ሲያስነካው የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ሲያነሳው ተመልሶ ተንሿሿ።

«አየሽ?»

«የሰማሁት ሬዲዮውን ነው እንጂ ሞገዱን አላየሁም።»

«ልክ ነሽ። እሱ አይታይም። ሥራው ግን ይታያል። እኛም የምናጠናው በሥራው ነው።»

ሽቦው ዛፉ ላይ ቀረ። ያየ ሰው ላላየ ሰው ነገረ፣ ላላየው ደግሞ ነገሩ ሁሌ ይበልጥበታል። ሃምሳ አለቃ ዱጉማ ጆሮ ሲደርስ መምህሩ ሌሊት ሌሊት ከጠላት ጋር በአየር የሚያወራ፣ ዛፍ ላይ የምትወጣው ልጅ ደግሞ ረዳቱ ሆና ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱም ይሮጣሉ።

የአባቷ እህት የአዳዳ ጁሀራ ቤት ከጎሮ ወዲህ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። አዳዳ ጁሀራ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቱንም ከብቱንም ብቻዋን ይዛ የምትኖር፣ ቀጭን፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነች። ሲደርሱ ምን ሆናችሁ አላለችም። ከበሩ ላይ ሆና ከኋላቸው ያለውን መንገድ አየች፣ የዱጉማ ጎረምሶች ጠመንጃ በትከሻ በሩቁ ብቅ ሲሉ አየች፣ በቃ።

«ቦላው ውስጥ» አለች።

ቦላ የእህል ጉድጓድ ነው። አፉ ለአንድ ሰው ትከሻ የሚበቃ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ የተቆፈረ። ጥልቀቱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ይሆናል። አዳዳ ጁሀራ ለዘር የሚሆናትን በቆሎ ትናንት አውጥታበት ክፍቱን አድሯል። ከሥሩ የቀረው ግን ዝናብ አግኝቶታል፣ ሽታው ጠላ ጠላ ይል ነበር።

መምህሩ እግሩን ሊሰድ ሲል አዳዳ በደረቱ መለሰችው።

«ቆይ ልጄ! ባለቤቱ መውጣቱን ሳላይ?»

ያገሩ ደንብ ነው። ታሽጎ የከረመ ጉድጓድ ውስጥ ዘሎ የሚገባ የለም። ቢስሚላሂ ተብሎ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ባለቤቱ ውስጥ አለ፣ ጂኒው፤ የገባ አይወጣም። ከበራ ወጥቷል፣ ይገባል። ሰዎቹ እየቀረቡ ስለነበር ሰቢሪና «አዳዳ፣ ፍጠኚ!» እያለች ትዘላለች። አዳዳ ግን ገመዱን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ኩራዙ እስከ ታች ወረደ፣ እህሉ ላይ ተቀመጠ፣ በራ።

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚባለው» አለ መምህሩ እየገባ። «አየር ነው፣ ከአየር የከበደ።»

«ስሙን አንተ ታውቃለህ፣ ጠባዩን እኔ አውቃለሁ። ውረድ!»

ሰቢሪና ተከተለችውና እታች የቀረውን ኩራዝ እፍ አለችው። ከላይ ሳንቃ ተደረገ፣ በሳንቃው ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ እበት፣ በእበቱ ላይ ገለባ፣ በገለባው ላይ ጥጃ ታሰረ። አዳዳ ጁሀራ የሠራችውን ሥራ አሳምራ ሠራች። አሳምራ መሥራቷ ነው ጉዱን ያመጣው።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ የጫማ ነው። ከዚያ የሃምሳ አለቃ ዱጉማ።

«አዴ ጁሀራ፣ አካም ጂርቱ? ሰላም ነዎት? መምህሩ በዚህ አላለፈም?»

«የቱ መምህር? እኔ እድሜዬን ትምህርት ቤት አልሄድኩ፣ አሁን ሊመዘግቡኝ ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ቤቱን ፈተሹ፣ ጎተራውን ፈተሹ፣ በአልጋ ሥር በጦር ወጉ። ከዚያም ይሄዳሉ ሲባል ዝናብ ወረደ፤ ዱጉማ «ዝናቡ እስኪያባራ» አለ፣ አንዱ ደግሞ ጫት ይዞ ነበር። በግቢው ውስጥ ጥላም መጠለያም ያለው ከትልቁ ወይራ ሥር ብቻ ነው። ወይራው ሥር ጥጃው ታስሯል። ጥጃውን ወዲያ አሰሩትና ሰሌን አነጠፉ። ልክ ጉድጓዱ አፍ ላይ።

ሰቢሪና በጨለማው ውስጥ ዐይኗን ጨፈነች። ጫት የያዘ ሰው ውሃ ለመጠጣት እንኳ አይነሳም። በርጫ እኮ ነው! ከጀመሩት አይቀር ምርቃናው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፣ ከመጣ ደግሞ እንዳይሄድ ይጠብቃሉ።

«ቲቸር» አለች በሹክሹክታ፣ «እነዚህ እስኪነሱ እኛ እንበቅላለን። ከበቆሎው ጋር።»

«ዝም በይ። ስታወሪ አየር ትጨርሻለሽ።»

ዝም ማለት ለሷ ከመሮጥ ይከብዳል። እግሯ ሥር ያለው እርጥብ እህል ይሞቃል፣ እንደተኛ ከብት። ግድግዳው ወዲህ ነው፣ ወዲያም ነው፤ እጇን በዘረጋች ቁጥር ያው አፈር። ከላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ከሳንቃው ሥር አፈር እየራገፈ አንገቷ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ራሷን ይወግራት ጀመር፣ ልቧም ሳትሮጥ ሮጠ።

«ባለቤቱ መጣ» አለች። አሁን ቀልድ አልነበረም። «ቲቸር፣ ጂኒው ተመለሰ።»

«ጂኒ አይደለም። እርጥብ እህል ይተነፍሳል፣ እኛም እንተነፍሳለን። የተነፈስነው መውጫ አጣና ከሥር እየተጠራቀመ ነው።»

«አይተውታል?»

በጨለማ ውስጥ ሳቁን ሰማችው። አጭር፣ ትንፋሽ ያጠረው ሳቅ። «አላየሁትም። አንቺስ ጂኒውን?»

«እኔም አላየሁትም።»

«እንግዲያው እኩል ነን። በምን እንለያቸው?»

ያ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥም ያስተምራል! ሰቢሪና ተናደደች። ተናዳም አሰበች። ጂኒ እንደ ልቡ ነው፣ አዳዳ እንደምትለው ካለ በሁሉም ቦታ አለ። የከበደ አየር ከሆነ ግን እንደ ውሃ ከታች ይተኛል። እንደ ውሃ ከሆነ ደግሞ ወለል ይኖረዋል፣ ጫፍ ይኖረዋል።

«ክብሪት» አለች።

መምህሩ ከኪሱ አቀበላት። ኩራዙን ለኮሰችና ወደ ራሷ ከፍ አደረገችው። በራ፣ የመምህሩ ፊት ከላቡ ጋር ብቅ አለ። ዝቅ አደረገችው። ከጉልበቷ ሲደርስ ነበልባሉ ከክሩ ተነሳ፣ አየር ላይ ቆመና ጠፋ። እንደገና ለኮሰችው፤ ከላይ በራ፣ እዚያው ጉልበቷ ላይ ጠፋ። በዚያኛው ግድግዳ በኩል ሞከረች። እዚያም ጉልበቷ ላይ።

«ጂኒ ከጉልበት በላይ አልወጣም ብሎ ይምላል እንዴ?» አለች። ደስ ብሏት ነበር። ሊገድላት በሚመጣ ነገር እንዴት ደስ እንደሚል አታውቅም። ጫፉን አገኘችዋ!

«በጣም ጥሩ» አለ መምህሩ። ቀጥሎ ግን ደስታውም አብሮ ጠፋ። «ቆይተሽ ደግመሽ ለኪ።»

ቆይታ ለካች። ከጉልበቷ አልፎ ጭኗ ላይ ጠፋ። ቀጥሎ ወገቧ ላይ።

ያኔ ሁለቱም አንድ ነገር ገባቸው። ሰቢሪና ከክፍሉ አጭሯ ናት።

«ትከሻዬ ላይ ውጪ» አላት።

«እርስዎስ?»

«እኔ ረጅም ነኝ። ውጪ ብዬሻለሁ!»

ትከሻው ላይ ወጣች። ራሷ ሳንቃውን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ከላይ የሚታኘከው ጫት ድምፅ ሁሉ ይሰማታል። አሊዪ የሚባለው ወጣት ታጣቂ ስለ አንዲት የብድሬ ከተማ ልጅ ያወራል፤ ፈገግ ያሰኛት ነበር፣ ጊዜው ሌላ ቢሆን። ቁልቁል የመምህሩን ትንፋሽ ትሰማለች። ቶሎ ቶሎ ነው፣ እንደ ውሻ። ለመጮህ አፏን ከፈተች። ከጮኸች አየር ይገባል፣ መምህሩ ደግሞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ይሄዳል። ካልጮኸች እዚሁ ይቀራል። አፏን ዘጋች። ደግማ ከፈተች። በሁለት በኩል የተዘጋ ነገር ውስጥ መሆን እንዲህ ነው።

ያኔ ዱጉማ ሰደፉን መሬት ላይ አሳረፈ፣ ድው አለ።

ደገመው። ድው።

«አዴ ጁሀራ፣ እዚህ ሥር ባዶ ነው።»

«ቦላ ነው» አለች አዳዳ ወዲያው። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ዘር አውጥቼ ዘጋሁት። ባለቤቱ ውስጥ ስላለ አልተመለስኩበትም።»

«እኔ የማላየውን አልፈራም። ክፈቱት!»

ሰሌኑ ተነሳ። ሰቢሪና ከትከሻው ላይ ከመውረዷ ሳንቃው ተነቃነቀ። መምህሩ እንደታቀፋት ከጉድጓዱ ሆድ ጥግ ተለጠፈ፤ እንስራ ውስጥ ከአፉ በታች የማይታየው ቦታ ማለት ነው። ከፍ አድርጎ ያዛት። ብርሃኑ እንደ ዓምድ መሃል ላይ ወረደ። በዓምዱ ውስጥ ገለባ ይዋኛል።

«አሊዪ፣ ግባ!» አለ ዱጉማ።

«እኔ?» አለ አሊዪ። «ሃምሳ አለቃ፣ መብራት ሳይወርድ? እኔኮ ያገሩ ልጅ ነኝ።»

ዱጉማም ያገሩ ልጅ ነው። ደረቅ ገለባ አስጠቀለለ፣ አስለኮሰ፣ በገመድ አስወረደ። እሳቱ እየተንቦገቦገ በፊታቸው አለፈ። ሰቢሪና ሻሿን ነከሰች። ጭሱ ዐይኗን ላጠው። እሳቱ ከመምህሩ ደረት ዝቅ ሲል አንድ ሰው እፍ ያለው ይመስል ድርግም አለ። ጭሱ ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ ተንጣለለ፣ እንደ ኩሬ።

ከላይ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ አንዱ።

ዱጉማ ብዙ አሰበ። ሞኝ ሰው አይደለም፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። «እሳት የማይኖርበት ቦታ ሰው አይኖርም» አለ በመጨረሻ። «መምህሩ እዚህ ቢሆን ሞቷል፣ ከሞተም ሥራችን አልቋል። ዝጉት። ደህና አድርጋችሁ ዝጉት፣ የሴትየዋ ጥጃ ገብቶ እንዳይሞት።»

ለጥጃው አዘነለት! ሳንቃውን መለሱት፣ በላዩ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ድንጋይ ተንከባለለ። ጨለማው ሲዘጋ ለሰቢሪና ከበፊቱ የባሰ ወፍራም መሰላት። እግራቸው ራቀ። በብድሬ መንገድ ነው፣ አሊዪ ስለ ልጅቷ ወሬውን ቀጥሏል።

«ሄዱ፣ ቲቸር! ሄዱ!»

መምህሩ እንደገና ትከሻው ላይ አወጣት። ትከሻው በእግሯ ሥር ቀስ በቀስ ዝቅ ይል ነበር። በመዳፏ ሳንቃውን ገፋች፣ ድንጋዩ ከየት ይነቃነቃል? ከላይ የአዳዳ ዶንጎራ ድንጋዩን ሲፈነቅል፣ ሲያዳልጥ፣ ሲፈነቅል፣ በኦሮምኛም በአረብኛም ስትለምን ይሰማል። ብርሃን እንደ ክር ገባ። ከዚያ እንደ መዳፍ። አዳዳ ክንዷን ይዛ እንደ ጥጃ ጎትታ አወጣቻት።

ከእግሯ ሥር ትከሻው ሸሸ። ከታች የወደቀ ነገር ድምፅ መጣ፣ ለስላሳ፣ እህል ላይ እንደሚወድቅ ጆንያ።

«ቲቸር!»

እግሯን ልትሰድ ስትል አዳዳ ጁሀራ በወገቧ ይዛ ጣለቻት፣ ላይዋ ላይ ተቀመጠች። «አንዱን የበላ ሁለተኛውን አይምርም!» ባልተያዘ እጇ ለኩሳ ያመጣችውን ሌላ ኩራዝ በገመድ አወረደች። ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ኩራዙ ከአፉ ብዙም ሳይርቅ ጠፋ።

አዳዳ ከላይዋ ተነሳች። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «ኢና ሊላሂ» አለች፣ ለሞተ ሰው የሚባለውን።

«አትበዪ!» ሰቢሪና በጉልበቷ ተነሳች። «አዳዳ፣ ቅድምም ጠፍቷል እኮ! ዱጉማ አይቶ ሞተዋል አለ፣ እኛ ግን አልሞትንም ነበር። ኩራዙ የሚናገረው ስለ አየሩ ነው። ስለ ቲቸር ምንም አልተናገረም!»

«ታዲያ ስለሱ የሚናገር ምን አለን? አይታይ፣ አይሰማ!»

ሰቢሪና የከብቱን ገመድ አነሳች። ቋጠሮው ሁለቴ ተፈታባት። ጫፉን ሸምቅቃ ወደ ጨለማው ለቀቀችው፣ እህሉ እስኪነካ። አዳዳም ቡልኮዋን ገፍፋ በጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ክንፍ ታራግብ ጀመር፣ ንጹሕ አየር ወደ ታች እየገፋች፣ ድምፀ ወፍራም ሆና እየጮኸች። «ባለቤት ነህ አየር ነህ፣ ማንም ሁን ውጣ! ውጣ ልጁን ልቀቅ!»

ሰቢሪና ገመዱን በጣቶቿ ያዘች። አጥብቃ አይደለም። አጥብቃ ከያዘች የራሷን መንቀጥቀጥ ነው የምትሰማው። ገመዱ ሞተ። የእህል ገመድ፣ የከብት ገመድ፣ ምንም የማያውቅ ገመድ። ቡልኮው ይራገባል። ጥጃው ከወዲያ ጮኸ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፣ ጠብታው በገመዱ ላይ እየተንከባለለ ወደ ጣቷ መጣ።

ከዚያ የሆነ ነገር ገመዱን ነካው።

ነፋስ ይሆናል፣ ቡልኮው ይሆናል። «አዳዳ፣ ማራገቡን አቁሚ አንዴ!» ቡልኮው ቆመ። ገመዱም ቆመ። ሰቢሪና ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋ ሳበችው፣ የክፍል በር እንደምታንኳኳው።

ቆየ።

ከታች፣ ከማይታየው፣ ሁለት ጊዜ ተሳበ።

«ጂራ?» አለች አዳዳ ጁሀራ፣ ቡልኮዋን በአየር ላይ እንደያዘች።

ሰቢሪና እግሯን ወይራው ሥር ላይ ተከለች፣ ገመዱን በወገቧ አዞረች።

«ጂራ!» አለች። «ያዢ አዳዳ፣ ጂራ! ሳቢ!»